ለትክክለኛ መልስ እልልታ

እኔ አስረኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ይሄን ቀድሜ የምናገረው በኋላ አንዱ ተነስቶ «አንተ ደግሞ ስለ ትምህርት ምን አገባህ?» እንዳይለኝ ነው። አገባኝ። ስለ ምግብ አብዝቶ የሚያወራው የራበው ነው።

ሞላሌ፣ መኪና ከሚቆምበት ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተመታች አንዲት ክፍል አለችኝ። ሞባይል እጠግናለሁ። የተሰነጠቀ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ፓተርኑ የጠፋበትን እከፍታለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የሰርግ ቪዲዮና መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ እገለብጣለሁ። ኔትወርኩ ከሚኖርበት የሚጠፋበት ስለሚበልጥ ዋናው ሥራዬ መገልበጥ ነው ማለት ይቻላል። ከገበያው ቀን በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት እወጣለሁ። ቤታችን ከከተማው ወደ ላይ ነው፤ ነፋሱ ገብሱን እንኳ ቀና ብሎ እንዳይቆም የሚከለክልበት አገር።

እህቴ እዚያ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እናቴ ለብዙ ጊዜ ታማ ስለነበር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ትምህርት ዘግይታ ነው የገባችው። ጥቅምት ላይ ከግሼ በኩል ሽማግሌ ተልኮ መጣ። «ልጅህን ለልጃችን» አሉ። አባቴ አሰበና፣ «ሚኒስትሪን ትፈተን። ካለፈች ሞላሌ ቤት ተከራይቼላት ትማራለች። ከወደቀች መልሱን ታውቁታላችሁ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አባቴም ሳቀ። እሷ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ አልሳቀችም። ወደ ከተማ ስመለስ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«ወንድምዓለም፣ አልፋለሁ ወይ?»

«አንቺ ካላለፍሽ ማን ሊያልፍ ነው፣ በሬው?»

እንዲህ ብዬ ቀለድኩ። ሆዴ ግን አልቀለደም። ምክንያቱም መጽሐፍ የላትም።

አዲሱ መጽሐፍ የደረሰው ለአንድ ዴስክ አንድ ነው። የነሱ ዴስክ መጽሐፍ የሚያድረው ደግሞ ወንዝ ማዶ ያለ ልጅ ቤት ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መጽሐፉም አብሮ ይቀራል። የቀረው «በሶፍት ኮፒ ይመጣል» ተባለ። መጣም። ትምህርት ቤቱ ያንን አትሞ፣ የታተመውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሲያድል፣ የሰው ልብ ሥዕል ጥቁር ድንች መስሎ ወጣ። ድንቹ ላይ ቀስት ቀስት አለበት። «ይህን አጥኑ» ተባሉ። ልጆቹም ድንች አጠኑ።

ታብሌትማ ነበረ። ፕሮጀክት ነን ያሉ ሰዎች በመኪና አምጥተው፣ ርክክብ ተደርጎ፣ ተማሪው አንዳንድ ይዞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ሲያልቅ ታብሌቱ ተለቅሞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እህቴ በሕይወቷ ታብሌት የያዘችው ለዚያች ፎቶ ያህል ነው። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ስልካቸው አልሞላ ብሏቸው ሱቄ መጡ።

«ታብሌቶቹስ ጋሼ፣ ደህና ናቸው?» አልኳቸው።

«በጣም ደህና ናቸው።»

«መቼም ተኝቶ የሚውል አይከፋውም። ልጆቹስ መቼ ነው የሚነኳቸው?»

«ልጄ፣ ንብረት ነው። አንዱ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆቹ ባይማሩ ግን የሚጠይቀኝ የለም።»

ስለ ትምህርት ከሰማሁት ወሬ ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ብቻ ነው።

ቲቸሩን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሳይንስ አስተማሪያቸው ነው፤ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ከኔ ብዙም የማይበልጥ። ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ስልጠና ተሰጥቶት ተመልሷል። የመማሪያ መጽሐፍን ወደ አሳታፊ ዲጂታል ትምህርት መለወጥ፣ ለሁሉም ተማሪ፣ የሚል ስልጠና። ሰርተፊኬትና ቦርሳ ሰጥተውታል። ኮምፒውተር አልሰጡትም። ቦርሳውን እንደያዘ ሱቄ መጥቶ ቆመ።

«ይሄን መጽሐፍ ሲነኩት እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ።

«ቲቸር፣ ሲነኩት የሚመልስ እኔ የማውቀው አህያ ብቻ ነው።»

ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን አልሄደም። ዱካ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። ልጁ ሥዕሉን ሲነካ ይነገረው፣ ከዚያ ይጠየቅ፣ ሲሳሳት ወዲያው ይታረም፣ እስኪገባው ደጋግሞ ይሞክር። ማንም አይሰድበው፣ ማንም አይስቅበት። ይሄን ሲለኝ የራሴ አስረኛ ክፍል ትዝ አለኝ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አልገባኝም ባልኩ ቁጥር ክፍሉ ስለሚስቅ ነበር። «እንሞክራለን» አልኩት።

ኮዱን የለቀምኩት ከቪዲዮ ነው። ኔትወርክ ሲኖር አወርዳለሁ፣ ሲጠፋ እሞክራለሁ። ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ የተወው አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ በሱ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ በየትኛውም ርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ ገጽ አወጣሁ። ቲቸሩ ትምህርቱን በትንሽ በትንሹ እየቆረጠ ያመጣልኛል። ድንቹን ግን ምን እናድርገው? ለገና አባቴ በግ ሲያርድ ቢላዋው ሥር ቆምኩ።

«አባዬ፣ ልቡን ስጠኝ።»

«ምን ሊሆንህ?»

«ላስተምርበት።»

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በግ ሳርድ ኖርኩ፣ ምንም አልተማርኩም» አለና ወረወረልኝ።

አጠብኩት፣ ለሁለት ከፈልኩት፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እያረፈበት ፎቶ አነሳሁት። አራቱም ክፍሎች ቁልጭ ብለው ወጡ። አንዱን ክፍል ስትነካው ድምፅ ይወጣል፤ ድምፁ የእህቴ ነው። «ይህ የልብ የታችኛው ግራ ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ደሙን እስከ እግራችን ጥፍር ድረስ የሚገፋ እሱ ስለሆነ ነው።» ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የቀዳነው፤ ካልተከናነበች ነፋሱ አብሮ ይገባል። በአንድ ትንፋሽ ታነበዋለች። እሷ ስትናገረው ልብ የሚባለው ነገር ጎረቤታችን የሚኖር ዘመድ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ልክ ሲሆን ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲሳሳት ቀይ። ቲቸሩ ክፍል ወስዶ አሳያቸው። ከነሱ ክፍል ዓይነ ስውር ልጅ አለ። ዓይነ ስውር በኛ አገር ከተማረ የቤተ ክህነቱን ነው የሚማረው ተብሎ ስለሚታሰብ ልጆቹ «የኔታ» እያሉ ያበሽቁታል። እሱም አፉ ምላጭ ነው። ሁሉም ሲንጫጫ አዳመጠና እንዲህ አለ፤

«ቲቸር፣ ለኔ አረንጓዴና ቀይ አንድ ናቸው። የትራፊክ መብራት ያለበት አገርም አልሄድኩ።»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸሩ ግን ፊቱ ጠቁሮ ሱቄ መጣ። «ለሁሉም ተማሪ ብለን» አለኝ፤ «አንዱን ውጭ አስቀርተነዋል።» ስለዚህ ድምፅ ያስፈልጋል። ስህተት ሲሆን የኛን በግ ጩኸት አስገባሁ፤ «ባዕ» ይልና እህቴ «እስቲ ቀስ ብለን እንየው» ትላለች። ልክ ሲሆንስ? ልክ ሲሆን መቼም እልልታ ነው። ሌላ ምን አለን? እኛ ደስ ሲለን ምን ብለን እናውቃለን?

እናቴን ስልኩን አስጠግቼ «እማዬ፣ አንድ ጊዜ እልል በይልኝ» አልኳት።

«ማን ተዳረ?»

«ማንም። ለልጆቹ ትምህርት ነው።»

«በባዶ ሜዳ እልል አይባልም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጎረቤታችን ግን ሰሙ። አጥራችን አንድ ነው። በአካባቢው የሳቸውን እልልታ የሚያህል የለም፤ ሰርግ ሲኖር መጀመሪያ እሳቸው ናቸው የሚፈለጉት፣ ከጋራ ጋራ ይሰማል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ አዲስ አበባ ፎቅ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። ስልካቸውን እሱ ነው የገዛላቸው፣ የምጠግነው እኔ።

«አምጣው ወዲህ» አሉኝ በአጥሩ ላይ። «እናትህ ንፉግ ናት።»

«እትዬ፣ ረዘም አርገው።»

«አታስተምረኝ። ልጄ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል፤ ለሱ ያስቀመጥኩትን ነው የምሰጥህ።»

ሦስት ጊዜ ወጣ ወጣ፣ ከዚያ ረጅም። ከብቶቹ እንኳ ቀና አሉ። ከእልልታው ቀጥሎ የእህቴን ድምፅ ቀጠልኩበት፤ «ትክክል ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ አልዋሽም፣ ደግ ነበሩ። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሮጠ። በየቤቱ የአባት፣ የወንድም፣ የአጎት ስልክ ላይ ገባ። ከትምህርት ሲመለሱ በጉ በየመንገዱ ይጮሃል፣ እልልታው ይከተላል። የኔታ የተባለው ልጅ አንዲት የተቧጠጠች ስልክ ይዞ፣ ቦታውን በጣቱ ለምዶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይመልሳል። «አሁን እናንተ ናችሁ የማታዩት» ይላቸዋል። ለእህቴ ስልክ ከሌላ የተፈታ ትልቅ ስፒከር ገጠምኩላት፤ ክፍል ይዛ ስትሄድ እስከ ኋላ ወንበር እንዲሰማ። ቲቸሩ ፈትኗቸው ልብን የሳተ አንድም ልጅ አጣ። አባቴ ሳይቀር አንድ ምሽት ስልኩን ተቀብሎ ነካካና «ባዕ» ሲለው፣ «በገዛ በጌ ተሰደብኩ» ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ አልፋለች ብዬ አመንኩ። ሞላሌ ሱቄ አጠገብ የምትከራየውን ክፍል እንኳ አይቼ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እልልታ የለም፣ ሰርግ የለም፣ አገሩ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚኖር። ስልኩ ግን ጾም አያውቅም። ይሄን ማናችንም አላሰብነውም።

አንድ እሑድ ወደ ቤት ወጥቼ አደርኩ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እህቴ እንደ ልማዷ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። የምታጠናው ያን ጊዜ ነው፤ ከነጋ ውሃው፣ ኩበቱ፣ ላሟ ይጠሯታል። ምሰሶው ሥር ጋቢ ደርባ ተቀምጣ ስልኩን ከፈተች። እኔ መደብ ላይ ነበርኩ። የአባቴ ቦታ ባዶ ነው። ወደ ማሳ ወጣ ብዬ አሰብኩ። ከውጭ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ ብዙ እግር፣ ቀስ የሚል። የሚያወራ ሰው ግን የለም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። በኛ አገር ብዙ ሰው በጎህ ዝም ብሎ ከሄደ ለምን እንደሚሄድ ሕፃን ያውቃል።

የጎረቤታችን ልጅ አዲስ አበባ ከፎቅ ወድቆ ሞቶ ነበር። ወሬው ለሽማግሌዎቹ የደረሰው ከዋዜማው ነው። መርዶ ደግሞ በጎህ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አፉን ይይዛል፣ ሴትና ልጅ አይሰማም፣ ጩኸት ቀድሞ እንዳይወጣ። አባቴ ያውቅ ነበር። ለገዛ ቤቱ አልተናገረም። ደንቡ ነው፤ ደንቡን አከበረ። ጎረቤታችን በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን...» ብለው ሲጀምሩ፣ ከኛ ቤት እልልታ ወጣ።

የጎረቤታችን እልልታ። በገዛ ድምፃቸው። ሦስት ጊዜ ወጣ ወጣ፣ ከዚያ ረጅም። በዚያ በገጠምኩት ስፒከር።

«ትክክል ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለች እህቴ ከስልኩ ውስጥ።

ከዚያ ደግሞ እልልታ። እህቴ ምን ታውቃለች? ጥያቄውን ትመልሳለች። ደሙ ከሳንባ ሲመለስ መጀመሪያ የት ይገባል? አወቀችው፤ እልልታ። ወፍራሙ ግድግዳ የቱ ነው? አወቀችው፤ እልልታ። ውጭ ጩኸቱ ሲፈነዳ፣ እሷ ቀና ብላ «ምንድነው?» እያለችኝ፣ ጣቷ ቀድሞ የነካው መልስ ደግሞ እልል አለ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። አንድ ጊዜ ብትሳሳት በጉ ይጮህ ነበር፤ የበግ ጩኸት ማንን ያስቀይማል?

አባቴ በሩን ገፍቶ ገባ። ስልኩን ከእጇ ወስዶ ምድጃው ድንጋይ ላይ መታው። ሲሰበርም ስፒከሩ የመጨረሻዋን እልልታ እስከ ግማሽ አወጣት።

ሰው ሁሉ የሰማው ያንን ነው። «እነ እንትና ቤት በመርዶ ላይ እልል ተባለ።» ማን ነው ቆሞ ስለ ኮድ የሚያስረዳው? «በገዛ ድምጿ አላገጡባት» ተባለ። ለቅሶው ላይ ቡና ይዘን ስንሄድ የሚቀበለን ጠፋ፤ አባቴ ዳሱ ውስጥ አልገባም፣ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እሱ ያላበደረው፣ አብሮት ያላረሰ ሰው የለም። ዝም ብለው አለፉት።

ሽማግሌዎቹ እርቁን ሲያበጁ ድንጋይ ተሸከም ተባልኩ። ተሸከምኩ። ቲቸሩም አብሬ እሸከማለሁ ብሎ መጣ፤ በዚያ ቦርሳው። ጫንቃችን ላይ ድንጋይ ይዘን ጎረቤታችን ደጅ አጎንብሰን ቆምን። «ይማሩኝ» አልኩ። ጥፋት አለብኝ ብዬ አይደለም። ዛሬም አላምንም። ግን ፊታቸውን ሳየው ሌላ ቃል አላገኘሁም። ከል ለብሰው፣ ያ ሁሉ ድምፅ ከውስጣቸው አልቆ፣ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

«አውርዱት፤ ይማራችሁ» አሉ። «ልጅቷስ? ለምን አልመጣችም? እሷ ምን አደረገች?»

እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ግን ቀጠሉ።

«ያ ነገር ከየስልኩ ይውጣ።»

«አባቴ፣ እልልታውን ብቻ አውጥቼ ሌላ ድምፅ ልተካበት» አልኳቸው።

«ምን ልትተካ ነው፣ ዋይታ?»

«ጭብጨባ። ደወል። የፈለጉትን።»

«ስማ አንተ ልጅ። ይህቺ ሴት ከእንግዲህ እልል አትልም። ደስታዋ ግን በየሰዉ ኪስ ተቀምጦ በየደጁ ይጮሃል። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ብትሰማውስ? አንተ ብትሆን ትችላለህ?»

እናቴ «በባዶ ሜዳ እልል አይባልም» ያለችው እዚያ ቆሜ ጆሮዬ ላይ መጣ።

በየቤቱ ዞሬ እኔው ራሴ አጠፋሁት። ሌላው ዝም ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ዓይነ ስውሩ ልጅ ግን ስልኩን ጨብጦ አለቀቀም።

«እልልታውን አልነካውም፣ የእህትህን ድምፅ ብቻ ተውልኝ» አለኝ።

«አንድ ፋይል ነው ወንድሜ፤ እዚህ ስልክ ላይ አይለያይም። ሌላ ሠርቼ አመጣልሃለሁ።»

«እናንተ ሌላ መጽሐፍ አላችሁ። ጥቁርም ቢሆን ድንቹ አላችሁ። እኔ ያለኝ ይሄ ነው።»

ጣቱን ከስልኩ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኩ። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሌላ ሠርቼማ ነበር። በእልልታው ፈንታ የብርጭቆ ኳኳታ አስገብቼ፣ ሳይውል ሳያድር ጨርሼ ነበር። ግን ማን ያስገባዋል? ዳይሬክተሩ ደንግጠው በሩ ላይ ለጥፈዋል፤ «ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ነው።» ወላጆችም ስልካቸውን ደበቁ። ቲቸሩ አንድ ቀን ቢሮ ገብቶ ታብሌቶቹ ይከፈቱ፣ በግቢ ውስጥ ብቻ ይሁን፣ ድምፅ አልባ ይሁን ብሎ ለመነ። «አሁን? በዚህ ወሬ ላይ?» አሉት። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሲንቃጨል ሰማሁ አለኝ። ክረምቱ ሲገባ ለእረፍት ሄደ፤ አልተመለሰም። ደሞዙም አገሩም አልቻለውም። ቦርሳውን እኔ ጋ ትቶልኛል፤ መፍቻዎቼን አደርግበታለሁ።

እህቴ? አባቴ ትምህርት አልከለከላትም። እሷ ናት የተወችው። ጧት ጧት የምታጠናበትን ሰዓት ጎረቤታችን ቤት መዋል ጀመረች። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ሱፍ ትፈትላለች፣ ዝም ብላ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ፎቶ ኮፒውን ይዤላት ሄድኩ።

«ፈተናው እየደረሰ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወንድምዓለም፣ መልሱን አውቀዋለሁ። ያወቅኩት ጊዜ ግን ጆሮዬ ላይ እልል ይላል። ከሱ ቀጥሎ የሳቸው ጩኸት ይመጣል። ስለዚህ ባላውቅ ይሻለኛል።»

ተሳደብኩ። አገሩን፣ ደንቡን፣ ሆቴሉን፣ ቁም ሳጥኑን ሁሉንም ሰደብኩ። እሷ ክሩን አላቋረጠችም።

ለፈተናው ያስነሷት ጎረቤታችን ናቸው። «ለኔ ብለሽ ሂጂ» አሏት። እኔ በሞተር ወሰድኳት። ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ልብ መጣ?»

«መጣ።»

«መለስሽው?»

«እርሳሱን አስቀመጥኩት» አለችኝ።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ወጣ። ያው ነው፤ ወደቀች። የግሼዎቹ ሽማግሌዎች መስከረም ሳይጠባ ተመልሰው መጡ፤ አባቴ ቃሉን አላጠፈም። ሰው ያመሰግነዋል በዚህ፤ «ቃሉን የሚጠብቅ» ይሉታል። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ሰርጉ ከመድረሱ በፊት አባቴ ጎረቤታችን ቤት ሄዶ በሐዘናቸው ላይ እልል ለማለት አስፈቀደ። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። «እርስዎ ካልፈቀዱ አፋችንን ይዘን እንሸኛታለን» አላቸው።

«እኔው እጀምራለሁ» አሉት።

ጀመሩም። ሙሽራው ሲመጣ፣ ከላቸውን እንደለበሱ፣ ከዳሱ አፍ ላይ ቆመው ጀመሩት። ሦስት ጊዜ ወጣ ወጣ፣ ከዚያ ረጅም። ያው ድምፅ፣ ትንሽ የተሰነጠቀ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ እናቴ መሬት ሳመች። «እርቁ ዛሬ ተፈጸመ» አሉ ሁሉም። እውነት ነው፣ ተፈጸመ። እህቴ ከነጠላው ሥር ቀና ብላ ፈለገችኝ፣ አገኘችኝም። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንጠብቀው፤ ከዚያ እልልታ ቀጥሎ የሚመጣውን የሷን ድምፅ።

ትክክል ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

እጇን ይዘው አሳለፏት። ሲሳሳቱ የሚጮኸው በጋችን ደግሞ ለዚያው ድግስ ታርዶ ነበር።